የጅቡቲ ጥልቀት፣ የአዲስ አበባ ከፍታ

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ለዕረፍት ወይም ለወደብ ጉዳይ የሄደ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙሻ ወይም ማስካሊ ደሴት አጠገብ ጠልቆ፣ እሑድ ጠዋት አዲስ አበባ ቤቱ ቁርስ ሊበላ ይችላል። የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ስለ ስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ይዞ ስለ መጥለቅ፣ አደጋ ሲነሳ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሻርክ ነው። ከአዲስ አበባ የሄደ ጠላቂ ግን ከሻርኩ ይልቅ የገዛ ከተማውን ከፍታ ቢፈራ ይሻለዋል።

በባሕር ዳርቻ የቆመ ሰው የአንድ ከባቢ አየር ግፊት አለበት። ውሃ ውስጥ ሲገባ በየ10 ሜትሩ ሌላ አንድ ይደረብበታል፤ 30 ሜትር ላይ አራት፣ 40 ሜትር ላይ አምስት ይሆናል። ሳንባው በዚህ ግፊት ስር መተንፈስ እንዲችል የመተንፈሻ መሣሪያው አየሩን በዚያው ልክ አምቆ ይሰጠዋል። ስለዚህ 40 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቀው አየር ላይ ላዩን ከሚያልቀው አምስት እጥፍ ነው። በ200 ባር የተሞላ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 2,400 ሊትር ያህል አየር ይይዛል። በደቂቃ 20 ሊትር ለሚተነፍስ ሰው ላይ ላዩን ሁለት ሰዓት ያቆየዋል፤ 40 ሜትር ላይ ግን 24 ደቂቃ ብቻ። ያውም ተረጋግቶ ለሚተነፍስ ነው። በጉቤት አል-ኸራብ ባሕረ ሰላጤ ጠባብ አፍ ወይም በባብ ኤል መንደብ በር ባሉት የሰባቱ ወንድማማቾች ደሴቶች ዙሪያ ውሃው በኃይል ይነጉዳል፤ እዚያ ከውሃው ጋር የሚታገል ሰው አየሩን ከዚህ በጣም ፈጥኖ ይጨርሳል።

እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2003 የሞቱ 947 የመዝናኛ ጠላቂዎችን የመረመረ ጥናት፣ የአደጋው መነሻ ሊታወቅ ከቻለባቸው ሞቶች 41 በመቶው በአየር ማነስ ወይም ማለቅ እንደጀመሩ አሳይቷል። አየር ያለቀበት ሰው ይደነግጣል፤ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ይወረወራል። ከ10 ሜትር ተነስቶ ላይ እስኪደርስ በሳንባው ያለው አየር በመጠን እጥፍ ይሆናል። ትንፋሹን ካላወጣ ሳንባው ይቀደዳል፣ አየሩም በደም ስር ገብቶ አንጎል ድረስ ይሄዳል። ለጀማሪ የመጀመሪያው ትምህርት «ትንፋሽህን አትያዝ» የሆነው ለዚህ ነው።

ጥልቀቱ ሲጨምር አእምሮም ይነካል። ከ30 ሜትር ገደማ ጀምሮ ናይትሮጅን እንደ አልኮል ያሰክራል፤ ጠላቂው ደስ ይለዋል ወይም ይፈራል፣ የአየር መለኪያውን እያየ ቁጥሩ ምን እንደሚል አይገባውም። ከ60 ሜትር ሲያልፍ ደግሞ ተራው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ራሱ መርዝ መሆን ይጀምራል፤ ድንገት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ የመተንፈሻው አፍ ከጥርስ ያመልጣል። የመዝናኛ ጥልቀት ወሰን 40 ሜትር ላይ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ቤይሩት አቅራቢያ ባሕር ላይ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 የበረራ መረጃ መቅረጫ 45 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነበር። ያወጡት የሊባኖስ ወታደራዊ ጠላቂዎች ናቸው። የ90 ሰዎች ሕይወት ያለፈበትን አደጋ ምክንያት እንድናውቅ ከዚህ ወሰን በታች ወርደዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ከፍታው እንመለስ። በግፊት የሚተነፈሰው ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው ቀስ ብሎ ከወጣ በሳንባ በኩል ይወጣል፤ ከፈጠነ ግን እዚያው ባለበት አረፋ ሆኖ ሰውን ያሳምማል። ፈረንሳዊው ፖል ቤር እ.ኤ.አ. በ1878 ምክንያቱን አስረዳ፤ ስኮትላንዳዊው ጆን ሆልዴን በፍየሎች ላይ ሞክሮ በ1908 በየደረጃው እየቆሙ የመውጣትን ሠንጠረዥ አወጣ። ዛሬም በደቂቃ ከ9 እስከ 10 ሜትር ብቻ መውጣት፣ 5 ሜትር ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መቆም የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ ስሌት ግን ጠላቂው ከወጣ በኋላ በባሕር ጠለል ላይ እንደሚቆይ ታስቦ የተሠራ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የጅቡቲን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጅቡቲ ላይ ሳይታወቅ የቀረ አረፋ አዲስ አበባ ሲደርስ በመጠን በሲሶ ገደማ ያድጋል፤ ተሟሙቶ የቀረው ናይትሮጅንም አዲስ አረፋ ይጨምራል። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነው። አብዛኛው መንገደኛ ሲያርፍ ወደ ወፍራሙ አየር ይመለሳል። የእኛ ሰው ግን የአውሮፕላኑ በር ቢከፈትም እዚያው ከፍታ ላይ ነው፤ ይተኛል፣ በማግስቱም ሥራ ይገባል።

አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ቀናት ተከታትሎ ለጠለቀ 18 ሰዓት፣ በየደረጃው ቆሞ መውጣት የሚያስገድድ ጥልቀት ለገባ ከዚያም በላይ ሳይበር እንዲቆይ ይመከራል። እኔ ለአዲስ አበባ ሰው ሙሉ 24 ሰዓት እላለሁ። «በአውሮፕላን አልሄድም» ማለትም አያድንም። ባቡሩም መኪናውም ከባሕሩ ተነስተው ያው ከፍታ ላይ ነው የሚያደርሱት፤ ጅቡቲ የተገዛ የታሸገ ቺፕስ አዲስ አበባ ሲደርስ እንዴት እንደሚነፋ ያየ ሰው የግፊቱን ለውጥ በዓይኑ አይቷል።

አረፋው የሚያመጣው ሕመም አታላይ ነው። ትከሻና ክርን ይቆረጥማል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ እግር ይደነዝዛል፣ ራስ ያዞራል፤ ከከፋ ሽንት ይከለክላል። ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ከጅቡቲ ሙቀት ወደ አዲስ አበባ ቅዝቃዜ የመጣ ሰው ግን «ብርድ መታኝ» ወይም «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ፍለጋ ይሄዳል፤ ዕድሜ ልክ የሚያሽመደምድ የአከርካሪ ጉዳት ሊሆን የሚችለውን ሕመም ተኝቶበት ያድራል። ለሐኪሙ መጀመሪያ መነገር ያለበት «ትናንት ባሕር ውስጥ ጠልቄ ነበር» የሚለው ነው።

በጅቡቲ የታመመ ሰው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መውጣቱም የተለመደ ነው። ለዚህ በሽታ ግን መንገዱ ራሱ ጉዳት ነው። ታማሚው ተጋድሞ ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጠው፤ ከዚያ የ18 ሜትር ጥልቀት ያህል ግፊት በሚፈጥር ልዩ ክፍል ውስጥ አምስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ይታከማል። በአውሮፕላን መሄዱ ግድ ከሆነ ዝቅ ብሎ የሚበር ወይም ውስጡ የባሕር ጠለልን ግፊት የሚጠብቅ መሆን አለበት። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ጀልባው ላይ ኦክስጅን መኖሩን፣ የሚሠራ የግፊት ክፍል የት እንዳለና ሽቅብ ሳይወጡ እንዴት እንደሚደረስ ይጠይቁ። መልስ ከሌለ አይጥለቁ።

የጉዞውን ቀናት ማሸጋሸግም ይረዳል። መጥለቁን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጨርሱና የመጨረሻውን ቀን ዌል ሻርክ ለሚባሉት ግዙፍ ዓሦች ይተዉት። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ በአርታ ዳርቻ ላይ ላዩን እየተመገቡ ይንሳፈፋሉ፤ እነሱን ለማየት መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ እንጂ ሲሊንደር አያስፈልግም።