የአናሎግ ምልክት መቀበያ ካርድና የኢሲጂ ንባብ

የደረት ሕመም ይዞት ወደ ሐዋሳ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሰው ኢሲጂ ሲነሣ፣ ሐኪሙ በኤስቲ ክፍል ላይ የ1 ሚሊሜትር ከፍታ መኖር አለመኖሩን ይመረምራል። ይህች 1 ሚሊሜትር 0.1 ሚሊቮልት ናት። ሕክምናው በዚህች መጠን ሊወሰን ስለሚችል፣ መስመሩ በምን መንገድ እንደ ተሣለ ማወቅ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዊለም አይንትሆቨን የሠራው መሣሪያ የልብን ምልክት በቀጭን ክር እንቅስቃሴ በቀጥታ ይመዘግብ ነበር። በዛሬዎቹ ዲጂታል መሣሪያዎች ግን ከኤሌክትሮድ የሚመጣው የማያቋርጥ (አናሎግ) ቮልቴጅ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ አማካይነት ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ በወረቀቱ ላይ የሚታየውም ከቁጥሮቹ ተመልሶ የተሣለ መስመር ነው። ተመሳሳይ ካርድ ለፊዚዮሎጂ ቤተ ሙከራና ለምርምር ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል።

የካርዱ የመጀመሪያ ባሕርይ የመለየት ኃይሉ ሲሆን፣ በቢት ይለካል። ባለ 12 ቢት ካርድ የሚቀበለውን ቮልቴጅ በ4,096 ደረጃዎች ይከፍላል። ካርዱ ከ-5 እስከ +5 ቮልት የሚቀበል ከሆነ አንዱ ደረጃ ወደ 2.4 ሚሊቮልት ይሆናል። የአር ሞገድ ግን ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊቮልት ገደማ ነው። እንግዲህ ምልክቱ ሳይጎላ ቢገባ አንድ ሙሉ የልብ ምት በአንድ ደረጃ ውስጥ ተውጦ ይቀራል ማለት ነው። ምልክቱ 1,000 ጊዜ ሲጎላ ግን አንዱ ደረጃ 2.4 ማይክሮቮልት ብቻ ስለሚሆን ኤስቲ ክፍል በሚገባ ይታያል።

ነገር ግን ማጉላት ብቻውን አይበቃም። ኤሌክትሮዱ ከቆዳ ጋር ሲገናኝ እስከ 300 ሚሊቮልት የሚደርስ ቋሚ ቮልቴጅ ሊፈጥር ይችላል። ይህም አብሮ 1,000 ጊዜ እንዲጎላ ቢደረግ ማጉያው ከጣሪያው ደርሶ መስመሩ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ቋሚው ቮልቴጅ ከዋናው ማጉላት በፊት በማጣሪያ ይወገዳል፤ ወይም እንደ አዳዲሶቹ ባለ 24 ቢት መለወጫዎች ምልክቱ በጥቂቱ ብቻ ጎልቶ ይገባል።

ሐኪሙን በቅርብ የሚነካው ይህ ማጣሪያ ነው። ከ0.5 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ የተለመደ ማጣሪያ መስመሩ እንዳይዋዥቅ ስለሚያደርግ ለምት ክትትል ይመቻል፤ ኤስቲ ክፍልን ግን ሊያዛባና የሌለ ከፍታ ወይም ዝቅታ ሊያሳይ ይችላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ምክር መሠረት ለምርመራ የሚሆነው የታችኛው ወሰን 0.05 ኸርዝ ነው፤ ምልክቱን የማያዛባ ዲጂታል ማጣሪያ ካለ እስከ 0.67 ኸርዝ ይፈቀዳል። የላይኛው ወሰን ለአዋቂ 150፣ ለሕፃናት 250 ኸርዝ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ በኢሲጂው ወረቀት ግርጌ ታትመው ይገኛሉ፤ የሚያያቸው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ባሕርይ ካርዱ በሰከንድ የሚወስደው የናሙና ብዛት ነው። ናሙናው በምልክቱ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ በላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ የሌለ ሞገድ ይፈጠራል። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ነው። የዚህ መስመር ጩኸት በሰከንድ 48 ናሙና በሚወስድ ካርድ ቢገባ የ2 ኸርዝ ሞገድ ሆኖ ይታያል፤ ይህም በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ ነገር ይመስላል። ከተለወጠ በኋላ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ስለማይቻል፣ ከፍተኛውን ድግግሞሽ የሚቆርጠው ማጣሪያ ከመለወጫው በፊት መቀመጥ ይኖርበታል። ለኢሲጂ በሰከንድ 500 ናሙና እንደ ዝቅተኛ ወሰን ይቆጠራል።

በካርዱ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል። በብዙ ርካሽ ካርዶች ላይ ሁሉም መግቢያዎች አንድ መለወጫ በተራ ይጋራሉ፤ በሰከንድ 10,000 ናሙና የሚወስድ ካርድ 8 መግቢያዎች ሲሠሩ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1,250 ብቻ ነው። መግቢያው በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚለካ መሆኑም ይጠየቅ። እንዲህ ያለው መግቢያ በሁለቱም ሽቦዎች ላይ እኩል የሚያርፈውን የመስመር ጩኸት በአብዛኛው ይሰርዘዋል።

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአንድ ተቋም ሥር በመሆናቸው፣ ሐኪምና መሐንዲስ ተባብረው ለምርምር የሚሆን መመዝገቢያ ለማዘጋጀት ቢነሡ አያስደንቅም። ነገር ግን ለፋብሪካ መለኪያ የተሠራ ካርድ በቀጥታ ከሕሙም ጋር መያያዝ የለበትም። ኮምፒውተሩ ከ220 ቮልት መስመር ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ብልሽት ሲደርስ ፍሰቱ በኤሌክትሮዱ በኩል ወደ ሰውነት ሊያልፍ ይችላል። ከልብ ጋር በቀጥታ ለሚገናኝ መሣሪያ ዓለም አቀፉ ደረጃ በደኅና ሁኔታ የሚፈቅደው ሾላኪ ፍሰት 10 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው። በመሆኑም በሕሙሙና በካርዱ መካከል ምልክቱን በብርሃን ወይም በመግነጢስ የሚያሳልፍ፣ ፍሰቱን ግን የሚያግድ፣ ለሕክምና የተፈቀደ መለያ መኖሩ መጀመሪያ ይረጋገጣል። ላፕቶፕን በባትሪ ማሠራት ይህን አይተካም፤ ማታ ባትሪው ሲያልቅ ቻርጀሩን የሚሰካ ሰው አይጠፋምና።