ሁለት ሥዕለ ንግሥተ ሳባ በሳጃና

በካርቱም ከተማ ከመሐሉ በስተደቡብ ሳጃና የሚባል ሠፈር አለ። ስሙ በዐረብኛ የወኅኒ ጠባቂዎች ማለት ነው። በየዘመኑ ከአገራችን በልዩ ልዩ ምክንያት የወጡ አያሌ ሰዎች ቤት ተከራይተው የኖሩበት ስለ ሆነ፥ በመንገዱ የሚያልፍ እንግዳ አማርኛና ትግርኛ ሳይሰማ አያልፍም ነበር። እኔም በ2021 ዓ.ም. ለሥራ ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ አንዲት ወይዘሮ ቡና ከምታፈላበት ቤት ገብቼ ዐረፍሁ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ የምቈጥረው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

በግድግዳው ላይ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር። አንደኛው በመስተዋት የተከደነ የማተሚያ ቤት ቅጂ፥ ሁለተኛው በአቡጀዲ ላይ በእጅ የተሣለ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ንግሥተ ሳባ ወደ ንጉሥ ሰሎሞን ስለ መሄዷ ነው። የእኔ ሥራ ትርጉም ስለ ሆነ፥ አንድ ነገር በሁለት ሰዎች እጅ ሲተረጐም ልዩነቱን መመርመር ልማዴ ነው። ስለዚህ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሁለቱን ሳመዛዝን ቈየሁ።

በመስተዋቱ ውስጥ ያለው የእንግሊዛዊው የኤድዋርድ ፖይንተር ሥራ ነው። ይህ ሰው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ከታወቁት ሠዓልያን አንዱ ሲሆን፥ በ1896 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅቷል። ሥዕሉን የፈጸመው በ1890 ነው። ዋናው ቁመቱ ከ2 ሜትር፥ ወርዱም ከ3 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፥ በ1892 በአውስትራልያ የሚገኘው የሲድኒ የሥዕል ቤት ገዝቶት እስከ ዛሬ በዚያው ይኖራል።

ፖይንተር የተመራው በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ነው። በዚያ ምዕራፍ የሰሎሞን ዙፋን 6 ደረጃዎች እንደ ነበሩት፥ በደረጃዎቹም ግራና ቀኝ 12 አንበሶች እንደ ቆሙ ተጽፏል፤ ሠዓሊውም ደረጃውንና አንበሶቹን ቃሉን ተከትሎ አቁሟቸዋል። እስከዚህ ድረስ ታማኝ ተርጓሚ ነው። መጽሐፉ ዝም ባለበት ስፍራ ግን ከራሱ ሞላበት። ንግሥቲቱ መልኳ ምን እንደ ነበረ መጽሐፉ አይናገርም፤ እርሱ ግን ነጭ ሴት አድርጎ፥ ደረጃውን ስትወጣ ፊቷን ወደ ንጉሡ መልሳ ሣላት።

በአቡጀዲው ላይ ያለው በአዲስ አበባ ገበያ የሚሸጠው ዓይነት ነው። ጨርቁ በትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፥ ክፍሎቹ ብዙ ጊዜ 44 ይሆናሉ፤ እንደ መጽሐፍም ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ምንጩ የሕዝቡ አፈ ታሪክና ክብረ ነገሥት ነው። በክብረ ነገሥት እንደ ተጻፈው፥ የ520 ግመሎችና የ73 መርከቦች ጌታ የሆነው ነጋዴ ታምሪን የሰሎሞንን ጥበብ አይቶ ለንግሥት ማክዳ ያወራላታል። እርስዋም 797 ግመሎች አስጭና ትነሣለች። ንጉሡ ቅመምና ጨው የበዛበት ግብር ያበላታል፤ በሌሊት ውሃ ስለ ጠማት ትጠጣለች፥ በዚህም መሐላዋ ይፈርሳል። ወደ አገሯ ስትመለስ በመንገድ ላይ ወንድ ልጅ ትወልዳለች። እንግሊዛዊው አንዲት ቅጽበት ብቻ የሣለበት ታሪክ በእኛ ዘንድ ረጅም ጉዞ ነው።

ታዲያ ፖይንተር ይህን ሁሉ ለምን ተወው? ጥፋቱ ሁሉ የእርሱ አይደለም። ክብረ ነገሥት ራሱ በመደምደሚያው እንደሚናገረው ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ፥ ከዐረብኛም ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው፤ ወደ ግዕዝ የመለሱትም በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአክሱሙ ይስሐቅና ባልደረቦቹ ናቸው። ወደ እንግሊዝኛ ግን በሙሉ ተተርጉሞ የወጣው በ1922፥ ማለት ሥዕሉ ካለቀ ከ32 ዓመት በኋላ ነው። የሚያስገርመው፥ የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ በወሰዳቸው መጻሕፍት መካከል ክብረ ነገሥትም ስለ ነበረ፥ የማክዳ ታሪክ በግዕዝ ተጽፎ በራሷ በለንደን ተቀምጦ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 መጽሐፉ እንዲመለስላቸው፥ ያለ እርሱም ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው ጽፈው ስለ ለመኑ የብሪታንያ ሙዚየም መለሰላቸው። አብረው የጠየቁት ኵርዐተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕል ግን አልተመለሰም፤ ከጦሩ ጋር የሄደው የሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆምስ ለራሱ አስቀርቶት ኖሮ በ1917 በለንደን በጨረታ ተሸጠ። መጽሐፉ ወደ አገሩ ገባ፤ ሥዕሉ በሰው አገር ቀረ።

ቡናው ሲቀርብ ወይዘሮዋን፥ «ከሁለቱ የትኛውን ይመርጣሉ?» አልኋት።

«የመስተዋቱን አንድ ደንበኛ ነው የሰጠኝ፤ ያምራል» አለችኝ። «ግን ጌታዬ፥ ያቺ ንጉሡን እንጂ እኛን አታይም። ይህችኛይቱ በሁለት ዓይኗ ታየኛለች። ደግሞም እንደ እኔ መንገደኛ ናት።»

ወይዘሮዋ ሳታውቀው የሠዓልያኖቻችንን ሕግ ተናገረች። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሙሉ ፊቱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ከሁለት ዓይኑ ጋር ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎኑ፥ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያል። የገበያው ሠዓሊም ይህንኑ ወርሶ ማክዳን ፊት ለፊት ያቆማታል።

በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ ተነሣ፤ ካርቱምም የጦር ሜዳ ሆነች። በሳጃና ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ቤታቸውን ዘግተው ተሰደዱ። ስለ ወይዘሮዋ ከዘመዷ እንደ ሰማሁት፥ በገላባት አድርጋ ወደ መተማ የተሻገረችው አቡጀዲውን ጠቅልላ ከልብሷ ጋር አስራ ነው። መስተዋት ያለበት ከግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ቀርቷል።

የፖይንተር ሥዕል የሚናቅ አይደለም፤ ሲድኒ የደረሰ ሰው ሄዶ ቢያየው ይጠቀማል። ነገር ግን ከመጽሐፍ የወጣ ሥዕል ሁሉ ትርጉም ስለ ሆነ፥ ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተተረጐመና ትርጉሙ የት ላይ እንደ ተቋረጠ መጠየቅ ይገባል። አቡጀዲውን ከገበያ የሚገዛም ሰው ከመጠቅለሉ በፊት ክፍሎቹን እስከ መጨረሻው ይቍጠር፤ ንግሥቲቱ ኢየሩሳሌም ደርሳ የምትቀርበት ሥዕል አልተፈጸመምና፥ ወደ አገሯ መመለሷን ያረጋግጥ።