የመሳፈሪያ ወረቀት

በአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ መንገደኛ በመጀመሪያ ፓስፖርቱንና ቲኬቱን ያሳያል። ሻንጣው ይመዘንና ቁጥር ይታሰርበታል፤ ያው ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀትም ይሰጠዋል። ሻንጣው ቢጠፋ የሚፈለገው በዚሁ ቁጥር ስለሆነ መጣል የለበትም። ቀጥሎ የመሳፈሪያ ወረቀት ይቀበላል። በዚህ ላይ ስሙ፣ የሚሳፈርበት በር፣ የወንበሩ ቁጥርና የመሳፈሪያው ሰዓት ተጽፈዋል።

ሰዓቱን ሲያነብ ግን ይጠንቀቅ። የኛ ሰዓት ከንጋት ይቆጠራል፤ የወረቀቱ ከእኩለ ሌሊት ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ወረቀቱ 10:30 ቢል በኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል የመጣ ሰው አውሮፕላኑን አያገኘውም። በሩም አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ይዘጋል። ስለዚህ ማንበብ የቻለ ሰው ወረቀቱን ራሱ ያንብብ፤ ያልገባውንም ሳያፍር ይጠይቅ።