ሴንትራል ፓርክ መናፈሻ ከመሆኑ በፊት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ለትምህርት ወይም ለመንግሥት ሥራ ኒውዮርክ ደርሰው የተመለሱ ወዳጆቻችን ሴንትራል ፓርክን ሳያደንቁ አይቀሩም። ስፋቱ 341 ሔክታር ያህል ነው። ኩሬውና ዱሩ ከጥንት የነበረ ይመስላል እንጂ አብዛኛው ኦልምስቴድና ቮ የተባሉ ሰዎች በ1858 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባቀረቡት ፕላን በሰው እጅ የተሠራ ነው። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንደ መሆኔ መጠን ለአንባብያን ልገልጸው የምሻው ግን ከዚያ በፊት በቦታው ማን ይኖር እንደ ነበረ ነው።

በ1825 አንድሩ ዊልያምስ የሚባል የ25 ዓመት ጥቁር ሊስትሮ እዚያ ሦስት ቦታ በ125 ዶላር ገዛ። ሌሎችም ተከተሉትና ሴኔካ ቪሌጅ የተባለ መንደር ቆመ። በ1855 ነዋሪዎቹ 225 ያህል ነበሩ፤ ከሦስት ሁለቱ እጅ ጥቁሮች፣ የቀሩት አብዛኞቹ አይሪሾች ናቸው። ሦስት ቤተ ክርስቲያንና አንድ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ቦታ የገዙትም ለመጠለያ ብቻ አልነበረም። በ1821 በወጣው የኒውዮርክ ሕገ መንግሥት ጥቁር ሰው ድምፅ ለመስጠት የ250 ዶላር ርስት ሊኖረው ይገባ ነበርና፣ ርስቱን ያጣ ድምፁንም ያጣል።

በ1853 በወጣው ሕግ መሬቱ ለመናፈሻ ተወሰደ። ካሣ አልተከፈለም አይባልም፤ ዊልያምስ 3,500 ዶላር ጠይቆ 2,335 ተሰጥቶታል። በ1857 መንደሩ ፈረሰ። ከመናፈሻው ክልል በጠቅላላው የተነሡት ሰዎች 1,600 ያህል ይሆናሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። የጊዜው ጋዜጦች እነዚህን ባለ ርስቶች በሰው መሬት ላይ ደሳሳ ጎጆ ቀልሰው የሰፈሩ ሥራ ፈቶች አድርገው ስለ ጻፉባቸው፣ ቃሉ ከመቶ ዓመት በላይ እንደ እውነት ተቆጠረ። ነገር ግን መሐንዲሶቹ ሰዎቹን ለማስነሣት ሲሉ ያነሡት ካርታ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ኖሯል! በእርሱም ላይ ቤቱና ቦታው አንድ በአንድ ተለክቶ ይታያል። ፋይል ማገላበጥ ሥራቸው የሆነ አንባብያን የዚህን ዋጋ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ሁለት ታሪክ ጸሐፊዎች የቆዩ መዛግብትን መርምረው በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ የመንደሩ ነገር እንደ ገና ተነሣ፤ በ2001 በቦታው የማስታወሻ ሰሌዳ ቆመ።

በ2011 መሬቱ ሲቆፈር የአንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረው የዊልያም ዊልሰን ቤት መሠረት ተገኘ። ከፍርስራሹም መካከል የብረት የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ የቻይና ሸክላ ስባሪና አንዲት ትንሽ ጫማ ወጥተዋል።

አክባሪዎ፤
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር