ከሲቀላ ወደ አርባዎቹ ምንጮች በእግር

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)



ለስብሰባ ወይም ለሥራ ጉብኝት ወደ አርባ ምንጭ የሄደ የመንግሥት ሠራተኛ ሲመለስ የሚያወራው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ቆሞ አባያንና ጫሞን አይቷል፤ በሁለቱ ሐይቆች መካከል የተጋደመውን፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለውን ከፍተኛ መሬት ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ ዓሣ በልቷል፤ ለልጆቹም ሙዝ ይዞላቸው መጥቷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከተማይቱ ስሟን ያገኘችባቸውን ምንጮች አይተሃልን ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው የለውም።

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርብላችሁ ሰውም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለም። ለሥራ ተልኮ ሲቀላ ሁለት ወር ተቀመጠ። ከቧንቧው እየቀዳ ጠጣ፤ ቤት የተከራየባቸው እመቤት ማለዳ ማለዳ ከደጃፋቸው የሚገዙትን የማገዶ ሸክም በመስኮት ተመለከተ። ውሃውና እንጨቱ ከአንድ ሥፍራ የሚመጡ መሆናቸውን ግን አላወቀም። ያወቀው አንድ እሑድ ጧት ጫማውን አጥብቆ ወደ ደኑ በእግሩ የሄደ ጊዜ ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚያ መንገድ ይሆናል።

አርባ ምንጭ እንደምታውቁት በሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። ላይኛው ሴቻ የመሥሪያ ቤቶች ሰፈር ሲሆን፣ ታችኛው ሲቀላ የገበያና የንግድ ሰፈር ነው። በመካከላቸው አራት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ከተማይቱ ራስዋ ብዙ ዕድሜ የላትም። የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በደጋው ላይ ያለችው ጨንጫ ነበረች፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ዋና ከተማነቱ ወደ ቆላው ወርዶ አርባ ምንጭ ተቆረቆረች። ከሴቻ ገደል ሥር ጀምሮ ወደ ሐይቆቹ የተዘረጋው ጥቅጥቅ ያለ ደን ግን ከከተማይቱ በፊት የነበረ ነው።

ወደ ምንጮቹ ለመሄድ የሚያስፈልገው ትልቅ ዝግጅት አይደለም። ደኑ በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ የመግቢያ ዋጋ መክፈልና ከጠባቂዎቹ አንዱን ይዞ መሄድ ይገባል። ከሲቀላ ማለዳ የተነሣ ሰው ፀሐይ ሳትከር ደርሶ ሊመለስ ይችላል። መንገዱ ሜዳማ ነው፤ በወንበር ላይ ተቀምጦ ለዋለ ጉልበት እንኳ አያስቸግርም። ከከተማይቱ ሙቀት ወጥቶ ወደ ደኑ ጥላ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው ቅዝቃዜው ነው። ከዚያ ዝምታው ይከተላል፤ ዝምታው ግን ቶሎ ይፈርሳል፤ ከላይ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ ከታች ዝንጀሮ ሲጯጯህ ይሰማልና። ግንዳቸው ሁለት ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው የሾላ ዛፎች በግራና በቀኝ ቆመዋል።

ምንጮቹ ከገደሉ ግርጌ፣ ከድንጋይ ሥር ይፈልቃሉ። አርባ መሆናቸውን ቆጥሮ ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ባይደክም ይሻለዋል፤ አንዱ ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ መለየት ያስቸግራል። ውሃው ጥሩ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። የከተማይቱ ሕዝብ የሚጠጣው ከዚሁ ተስቦ ስለሆነ፣ እጅን መታጠብም ሆነ ልብስ ማጠብ እዚያ አይፈቀድም፤ ሊፈቀድም አይገባውም።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? በአርባ ምንጭ ሜዳ የሚዘንበው ዝናብ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ሙቀት ይህን ያህል ዝናብ ቁጥቋጦና ግራር ያበቅል እንደሆነ እንጂ፣ እንዲህ ያለውን ረጅም ደን ብቻውን ሊያቆም አይችልም። በዚሁ ሸለቆ ውስጥ ምንጭ በሌለበት ሥፍራ የሚታየውም ቁጥቋጦና ግራር ነው።

መልሱ ከበስተ ምዕራብ ባለው በጋሞ ደጋ ላይ ይገኛል። ጨንጫ ከሐይቆቹ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን፣ የሚዘንብባትም ዝናብ ከቆላው ይበልጣል። የደጋው ዝናብ ከፊሉ በወንዝ ይወርዳል፤ ከፊሉ ግን በሣሩና በዛፉ ሥር ተይዞ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረው ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እየተጣራ ወደ ታች ይጓዛል። ታላቁ ስምጥ ሸለቆ የተፈጠረው የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ መካከሉ ወደ ታች በመስጠሙ ነው። ከመሬት በታች ሲጓዝ የቆየው ውሃ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ሲያጋጥመው፣ ከገደሉ እግር ሥር መውጫ አግኝቶ ይፈልቃል። ስለዚህ በሲቀላ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ የደጋ ዝናብ ነው ማለት ነው።

ብዙ ሰው «ዛፉ ምንጩን አፈለቀው» ሲል ይሰማል። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ምንጩ ነው ደኑን ያበቀለው። ሾላዎቹ ሥራቸውን ሰደው የሚጠጡት ከመሬት በታች ካለው ውሃ ነው። ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ደን የከርሰ ምድር ውሃ ደን ይሉታል። በምሥራቅ አፍሪቃ ይህን መሰሉ ደን ጥቂት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በታንዛንያ፣ በማንያራ ሐይቅ ዳር ያለው ሲሆን፣ እርሱም በዚሁ በስምጥ ሸለቆ ግድግዳ ሥር ከሚወጡ ምንጮች የሚጠጣ ነው። ያን ለማየት ሰዎች ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ። የእኛው ከአውቶቡስ መናኸሪያ ብዙም አይርቅም።

ይህ ጸሐፊ ከምንጮቹ ሲመለስ በመንገድ ላይ ሦስት ሴቶች አገኘ። ከቁመታቸው የሚበልጥ የእንጨት ሸክም ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው በፍጥነት ይሄዱ ነበር። ጠባቂውን ባዩ ጊዜ ወደ ጫካው ገለል አሉ። ጠባቂውም ወደ ሌላ ወገን ፊቱን አዞረ። በማግሥቱ ከእነዚያ ሴቶች አንዲቱ በተከራየበት ቤት ደጃፍ ሸክሟን አውርዳ ዋጋ ስትደራደር አያት።

የቤቱን እመቤት፣ «እትዬ፣ ይህ እንጨት እኮ ከተከለከለው ደን የሚመጣ ነው» አላቸው። እርሳቸውም፣ «አውቃለሁ ልጄ። እርስዋም ታውቃለች። ሌሊት ተነሥታ የምትሄደው ሌላ የምትሸጠው ስለሌላት ነው። እኔስ መብራት በጠፋ ቁጥር እንጀራውን በምን ልጋግር?» ብለው መለሱለት። ለዚህ የሚሰጠው ፈጣን መልስ አልነበረውም፤ ዛሬም የለውም። ነገር ግን በሴትዮዋ ላይ መፍረድ ተገቢ ሆኖ አልታየውም። ገዢው ደመወዝተኛው ነው። በየደጃፉ ገዢ ባይኖር ኖሮ ሸክሙ ከደኑ ባልወጣ ነበር። ጸሐፊውም በቤት ኪራዩ ውስጥ የእንጀራውንና የቡናውን ማገዶ አብሮ ይከፍል ኖሯል።

ደኑን አቋርጦ የሚወርደው የኩልፎ ወንዝ ከዚሁ ደጋ ተነሥቶ ወደ ጫሞ ይገባል። በድልድዩ ላይ ቆሞ ውሃውን ማየት ብዙ ያስተምራል። በበጋ ጥርት ያለ ነው፤ ደጋው ላይ በዘነበ ማግሥት ግን እንደ ጠላ ይደፈርሳል። ሣሩና ዛፉ ከተነሣበት ኮረብታ ዝናቡ ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ አፈሩን ይዞ ይሮጣልና። የአባያም ውሃ ቀይ የሆነው ሌላ ምሥጢር ኖሮት ሳይሆን፣ በውስጡ ከሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር የተነሣ ነው። ኩልፎን ተከትሎ እስከ ሐይቁ ዳር በእግር መውረድ ግን አይገባም። እዚያ የአዞ ገበያ የሚባለው ሥፍራ አለ፤ ገበያተኞቹን በጀልባ ሆኖ ማየት ይሻላል። ከደኑ ማዶ ያለው የነጭ ሣር ሜዳም የእግረኛ አይደለም። ለወሬ ያህል፣ በ1982 ዓ.ም. ክረምት ተመራማሪዎች በዚያ ሜዳ መንገድ ላይ የአንዲት ሌሊት የምትበር ወፍ ክንፍ አገኙ፤ ከዚያች አንዲት ክንፍ ብቻ ተነሥተው ለሳይንስ አዲስ ዝርያ መሆንዋን አስታወቁ።

የውሃውን መጨረሻ ያየ ሰው መጀመሪያውንም ማየት ይወዳል። ስለዚህ ሁለተኛው ጉዞ ወደ ላይ ነው። ወደ ሶዶ በሚወስደው ጎዳና ሄዶ ወደ ግራ በመገንጠል ጨንጫ በመኪና ይደረሳል፤ ከሲቀላ 37 ኪሎ ሜትር ነው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ የቢሮ ሰው ለመሄድ ይመቸዋል። ዳገቱን መኪናው ከወጣላችሁ በኋላ ከጨንጫ ወደ ዶርዜ ቁልቁል በእግር መመለስ የሚያስደስት እንጂ የሚያደክም አይደለም። በመንገዱ ዳርና ዳር እንሰትና ቀርከሃ አለ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ እንደ መሶብ የተሠፋ ነው፤ ፊት ለፊት ሲያዩት የዝሆን ራስ ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ያጥራል፤ ባሰበት ጊዜም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ወደ ሌላ ሥፍራ ያዛውረዋል። በየጓሮው የሽማኔ መወርወሪያ ድምፅ ይሰማል። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የምንገዛው ጥበብ የብዙው ባለሙያ አገሩ እዚህ ነው።

በዚያው መንገድ ሳትመለከቱ እንዳታልፉ የምለምናችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው በኮረብታዎቹ ላይ እዚህም እዚያም የቆሙት ትንንሽ ጥብቅ ደኖች ናቸው። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ እነርሱ የቀሩት፣ የአገሩ ልማድ እንጨት እንዳይቆረጥባቸው ስለሚከለክል ነው። ጥበቃቸው በባለ ጠመንጃ ዘብ ሳይሆን በአባቶች ቃል የቆየ ነው። ሳትጠይቁ አትግቡባቸው። ሁለተኛው ዱቡሻ የሚባለው የሸንጎ ሜዳ ነው፤ የጋሞ ሽማግሎች ተቀምጠው ስለ መሬት፣ ስለ ጠብና ስለ ዕርቅ የሚነጋገሩበት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ጥቃት የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ አደባባይ በወጡ ጊዜ፣ ሽማግሎቹ እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ያ የእርጥብ ሣር ሥርዓት የመጣው ከእንዲህ ያለው ሜዳ ነው። ብታዩት ግን ሣር የለበሰ ገላጣ መሬት ብቻ ነው፤ የሚያስረዳ ሰው ካልያዛችሁ አልፋችሁት ትሄዳላችሁ።

ለሁለቱም ጉዞ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ ትልቁ ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ስለሚጥል ያን ጊዜ የደጋው መንገድ ያንሸራትታል። ለቆላው ባርኔጣ፣ ለደጋው ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ፤ በአንድ ቀን ሁለቱንም የሚሻ መንገድ ነውና። በዶርዜ ቆጮ በማርና በሚጥሚጣ ከቀረበላችሁ አትግደርደሩ። መመለሻ መኪናችሁን ግን ከመብላታችሁ በፊት ጠይቃችሁ እወቁ፤ ጨንጫ ላይ ጉም ቶሎ ይወርዳል።