አሮጌ ቲለር ሲገጥምዎ

አሜሪካ ውስጥ ክረምቱ ወጥቶ ሰው ወደ ጓሮው መመለስ ሲጀምር፣ በየሰፈሩ ጋራዥ ሴል ላይ ከሣር ማጨጃዎቹ ኋላ አንድ ከባድ ብረት ቆሞ ይታያል። ሁለት ረጃጅም እጀታ፣ የቤንዚን ሞተር፣ ከሥሩ ደግሞ እየተሽከረከሩ አፈር የሚፈረካክሱ ጠማማ ጥርሶች አሉት። ቲለር የሚባለው ይህ ነው። ሻጩን ስለ ማሽኑ ቢጠይቁት ብዙ ጊዜ የሚያውቀው «የአባቴ ነበር» የሚለውን ብቻ ነው። ገዢውም ስሙን ከቀለሙ ላይ ይፈልጋል። ነገር ግን ቀለም እንደገና ይቀባል፣ ሞተርም ይለወጣል። የማሽኑ ማንነት ያለው ዝቅ ብሎ፣ ጥርሱን የሚያዞረው ካምቢዮ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጥርሱ የት እንደተገጠመ ይዩ። ከፊት፣ ከሞተሩ ሥር ከሆነ ጎማዎቹ ኃይል የላቸውም፤ ማሽኑን ወደፊት የሚጎትቱት ጥርሶቹ ራሳቸው ናቸው። ከዋሽንግተን ግዛት የመጣው ሜሪ ቲለር የዚህ ወገን ነው። ለለሰለሰ አፈር ጥሩ ነው፤ ጠንካራ መሬት ላይ ግን እየዘለለ ክንድ ይገነጥላል። ጥርሱ ከኋላ ከሆነ ሞተሩ ጎማውንም ያዞራል፣ ሰውየው እጀታውን ይዞ መከተል ብቻ ይበቃዋል።

ቀጥሎ የጥርሱ ቅርጽ። ይህ ወደ ሁለት የተለያዩ አገሮች ይወስደናል። ስዊዘርላንዳዊው ኮንራድ ፎን ማየንቡርግ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የፈለሰፈው ማሽን፣ እንደ ጥፍር የጎበጡና ስፕሪንግ ያላቸው ጥርሶች ነበሩት፤ ድንጋይ ሲያገኛቸው ትንሽ ይሸሻሉ። አውስትራሊያዊው አርተር ክሊፎርድ ሃዋርድ ደግሞ በ1912 (እ.ኤ.አ.) በአባቱ እርሻ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ መሞከር ጀመረ። የመጀመሪያው ሥራው አፈሩን ወደ ጎን እየወረወረ አስቸገረው። መፍትሔው ጫፋቸው ወደ ጎን የታጠፈ ምላጮችን ተራርቀው በተቀመጡ ዲስኮች ላይ ማሰር ሆነ። ሮታቬተር የተባለው ከዚህ ወጣ፤ ዛሬ ከትራክተር ኋላ የሚጎተቱት ማሽኖችም አብዛኞቹ ይህንኑ የታጠፈ ምላጭ ይዘዋል። ስለዚህ አሮጌ ማሽን ላይ ጥፍር የመሰለ የስፕሪንግ ጥርስ ካገኙ ጥሩ ግኝት ነው፣ አይጣሉት።

የስዊዙን ሐሳብ በ1930ዎቹ ወደ አሜሪካ ያስገባው ቀድሞ መኪና ይሠራ የነበረው ካድዋላደር ኬልሲ ሲሆን፣ «ሮቶቲለር» የሱ የንግድ ስም ነበር። ፋብሪካው ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ትሮይ ከተማ ከረመ። በዚያችው ከተማ በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ትሮጃን ሆርስ» ተሠራ፤ ዘሩ በኋላ «ትሮይ-ቢልት ሆርስ» ተብሎ በጋርደን ዌይ ኩባንያ በኩል በሰፊው ተሸጠ። ጋርደን ዌይ በ2001 ከሰረና የትሮይ-ቢልት ስም ወደ ኤምቲዲ ኩባንያ ዞረ። እኔ ከአሮጌዎቹ ሁሉ ሆርስን አስቀድማለሁ። የካምቢዮው ቤት ወፍራም የጊዛ ብረት ነው፣ ውስጡም የብረት ዘንግ የነሐስ ማርሽ ያዞራል። ክብደቱ መኪና ላይ ሲጭኑት ያስረግማል፤ መሬት ላይ ግን እንዳይዘል የሚያደርገው እሱው ነው።

ዕድሜውን ለማወቅ ሞተሩ ይረዳል። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ከሆነ፣ በቆርቆሮ ሽፋኑ ላይ የተመቱ ቁጥሮች አሉ። ዝገትና ዘይት ሸፍኗቸው ከሆነ በናፍጣ በተነከረ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱና ጠመኔ ይሹበት፤ የሽቦ ብሩሽ ቁጥሩን ይበላዋል። ሞዴሉ 190402 ቢል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የሞተሩን መጠን በኪዩቢክ ኢንች ይናገራሉ፤ 19፣ ማለትም ወደ 310 ሲሲ። ኮድ ከሚለው ሥር 78042105 ካለ ደግሞ ሞተሩ የተሠራው በ1978፣ በ4ኛው ወር፣ በ21ኛው ቀን ነው፤ የቀረው የፋብሪካው ምልክት ነው። ይህ ግን የሞተሩ ልደት እንጂ የማሽኑ አይደለም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተሠራ ቲለር ላይ የትናንት የቻይና ሞተር ተገጥሞ ማየት የተለመደ ነው፤ ይህም ነውር የለበትም።

ለመግዛት ካሰቡ፣ ሞተሩን አስነስቶ ድምፁን ማድነቅ ለኋላ ይቆይ። መጀመሪያ የካንዴላውን ሽቦ ነቅለው ጥርሶቹን በእጅ ወዲያና ወዲህ ያናውጡ። ዘንጉ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። ካምቢዮው የሚፈስበትን ቦታ ይመልከቱ፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ ካምቢዮ ደርቆ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ከፈቀደ ጥቂት ዘይት ቀድተው ፀሐይ ላይ ያዩት። ወርቅ የመሰለ ብናኝ የሚብለጨለጭበት ከሆነ ያ ነሐስ ነው፤ ማርሹ እየተፋቀ ስለሆነ ዋጋውን ያስቀንሱ ወይም ይተዉት። የተበላ ጥርስ ግን አያስፈራዎ፣ በብሎን ፈትተው ይቀይሩታል። የማይነሳ ሞተርም ቢሆን ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን ደርቆበት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።