ያውቁ ኖሯል? ከክንፍ ሥር ለሚያድር አብራሪ ከባዱ መነሣቱ ነው

በአሜሪካ፣ ኦሽኮሽ፣ በየዓመቱ በሐምሌ አጋማሽ ለሚካሄደው የአየር ትርኢት ከ10,000 በላይ አውሮፕላኖች ይመጣሉ፤ ብዙ አብራሪዎችም ድንኳናቸውን ከክንፉ ሥር ተክለው ያድራሉ። ፊስክ ከምትባል መንደር ላይ ሲደርሱ በሬዲዮ አይመልሱም፤ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑን በቀለሙ ለይቶ ሲጠራው አብራሪው ክንፉን ወዝወዝ ያደርጋል። ይህን ከክንፍ ሥር ማደር በጎጃም ወደምትገኘው ሉማሜ አካባቢ ቢያመጡት ግን ዕቅዱ ከመነሣት መጀመር አለበት። ኦሽኮሽ 250 ሜትር ገደማ፣ የሉማሜ ጎረቤት ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ የትንሿ አውሮፕላን ፒስተን ሞተር ይደክማል፤ መንደርደሪያውም ይረዝማል።

«ቦሌስ ደጋ አይደለም?» የሚል አይጠፋም። ነው፤ ግን ማኮብኮቢያው ከ3.5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ጄትም ትርፍ ጉልበት አለው። ሐምሌም አይሆንም፤ የጎጃም ዋልካ በክረምት ጎማ ይውጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል፦ ሌሊቱን ጋቢ ይችለዋል፣ የንጋቱ ብርድ አየሩን ስለሚያወፍረው ደግሞ ነዳጅ ቀነስ አድርጎ በማለዳ መነሣት ነው። ፈቃድማ ከሁሉ ይቀድማል፤ በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከቀርጤስ ወደ ኬፕታውን ይበሩ የነበሩ የጥንታዊ አውሮፕላኖች አብራሪዎች በፈቃድ ጉዳይ ጋምቤላ ላይ ተይዘው ቆይተዋል።